የእንጀራ እናት ባሩድ

መጋቢት 4 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ወንድሜ ዓለም የለም። ጻፍኩት፤ ሁለተኛ አልጽፈውም።

ወግ ባለው መንገድ የነገረኝ ሰው የለም፤ ሰማሁት እንጂ። መሥሪያ ቤት፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ለስብሰባ የመጣ ሰውዬ ለጋሽ ገብረእግዚአብሔር «የዚች የዙፋን ወንድም እኮ በየካቲት መቱት፤ ቤተሰቡ ሬሳውን እንኳ አላገኘም» ሲላቸው እኔ ፋይል ታቅፌ ከበሩ ጀርባ ቆሜያለሁ። ዘው ብዬ ገባሁና «የቱ ወንድሜ?» አልኩ። ያለኝ አንድ! ምን አስጠየቀኝ! ሰውዬው የሚገባበት ጠፋው።

ጋሽ ገብረእግዚአብሔር በሩን ዘግተው አስቀመጡኝ። ሮማ ላለነው ኢትዮጵያውያን ሽማግሌያችን እሳቸው ናቸው፤ ሰርጉም ለቅሶውም በእሳቸው እጅ ነው የሚያልፈው። «አንቺ በክፉ መንገድ ሰማሽ፤ የሆነው ሆነ። ለአባትሽ ግን በወግ ነው የሚረዳው። ሰባ አንድ ዓመት ሞልቷቸዋል፣ ልባቸውም እንደምታውቂው ነው። ጾሙ ይፈታ፣ ከፋሲካ በኋላ ጎህ ሲቀድ ሰብሰብ ብለን እንመጣለን። እስከዚያ ቻይው፤ በድንገት ከሌላ አፍ ከሰሙ ይሞቱብሻል» አሉኝ።

ቤት ስገባ አባባ ራዲዮናቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። «ዓለም አልደወለም?»

«መስመሩ ተበላሽቷል አሉ፣ አባባ።»

«ይሄ መስመር ደግሞ! እኛ በጫካ ሳለን በፉጨት እንኳ እንገናኝ ነበር።»

ሳቅሁላቸው። ሳቄ ግን ሳቅ ይመስል ይሆን?

መጋቢት 7፣ ሐሙስ

ከተማው ታምሷል። ዛሬ ጠዋት አንድ ትልቅ የፖለቲካ ሰው ጠልፈው አጃቢዎቹን በሙሉ ፈጇቸው። ካራቢኒየሪ በየመንታ መንገዱ ጠመንጃ ደግኖ ቆሟል። ትራም ላይ ቦርሳዬን በርብረው የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ፔርሜሶዬን፣ ሦስት ሰው ተቀባበለው።

አባባ ያን ሰዓት የት ቢሆኑ ጥሩ ነው? ጠመንጃ ቤት! ቶር ፒኛታራ፣ ኦታቪዮ ሱቅ። ያምራል እንግዲህ።

ይሄን ኦታቪዮን እግዜር ነው ወይስ ሰይጣን የሰጠን፣ ዛሬም አልለየሁትም። አባባ የዛሬ ሁለት ዓመት ዓይናቸውን ሊታከሙ መጥተው፣ አገር ቤት ነገሩ ሲከፋ እዚሁ ቀሩ። ሥራ የለ፣ ቋንቋ የለ፣ ፒኜቶ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ፣ መስኮት ላይ መቀመጥ ብቻ። አንድ ቀን ሲንሸራሸሩ ከጠመንጃ ቤቱ መስታወት ውስጥ ጠመንጃ አይተው ቆሙ። በአርበኝነታቸው ዘመን፣ ጥይት ጠፍቶ እጅ ባጠራቸው ጊዜ፣ ከአያታቸው ግምጃ ቤት አውጥተው የታጠቋት ዓይነት፤ ባሩዱም እርሳሱም በአፈሙዟ ገብቶ በዘንግ የሚጠቀጠቅላት፣ ቂጧ ላይ ካፕሱላ የሚሏት ትንሽ የመዳብ ቆብ የምትደፋላት። መዶሻው ቆቧን ሲመታ እሳት ይፈናጠራል፣ ባሩዱ ይያዛል። ኦታቪዮ የአያቱን እንዲህ ያለች አሮጌ ጠመንጃ በየቅዳሜው ተኩስ ሜዳው፣ ፖሊጎኖ፣ ወስዶ ከማኅበረተኞቹ ጋር ዒላማ ይመታባታል። አባባንም ወሰዳቸው። «ድሮ ጣልያን ላይ ነበር የምተኩሰው፣ አሁን ከጣልያን ጋር ሆነ፤ ዕድገት ነው» ይላሉ።

ማታ ደረጃ ላይ የሁለተኛ ፎቋ ሴትዮ ለባሏ «ጥቁሩ ሽማግሌ ዛሬም ከዚያ ጠመንጃ ቤት ነው የመጣው፤ ለፖሊስ መንገር ነው» ስትል ሰማኋት። ቦና ሴራ ብያት አለፍኩ።

መጋቢት 9፣ ቅዳሜ

ፖሊጎኖ የለም። በዚህ ጠለፋ ምክንያት ጥቁር ባሩድ በጠቅላላ መሸጥ ተከለከለ፤ የኦታቪዮም ግምጃ ቤት ታሸገ። አባባ ቀኑን ሙሉ ቤት። «እስቲ የሐበሻ ልጆች ከሚሰበሰቡበት ውሰጂኝ፣ ካርታም ቢሆን እንጫወት።»

ክው አልኩ። ሐበሻ ባለበት ወሬ ይደበቃል እንዴ? አንዷ ከንፈሯን መጠጥ ብታደርግ አለቀ። ጉንፋን ይዞኛል አልኩ፣ ተኛሁ። እንደ ልጅ ሻይ አፍልተው አመጡልኝ።

ለካ እነዚያ ቅዳሜዎች ናቸው ያቆዩኝ። ፖሊጎኖ አንድም ሐበሻ አይደርስም። ኦታቪዮ ባሩድ ያግኝ ብዬ ለቅድስት አርሴማ ተሳልኩ። ለባሩድ የሚሳል ሰው አይታ ታውቃለች?

መጋቢት 20፣ ረቡዕ

ስለቴ ሰመረ። ኦታቪዮ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ምትክ ባሩድ አግኝቷል፤ እሱ «ሱሮጋቶ» ነው የሚለው። ከአሜሪካ የመጣ፣ መልኩ ወደ ግራጫ የሚያደላ፣ እንደ ጥቁሩ በቀላሉ እሳት የማይዝ፤ ስለዚህ አልተከለከለም። ችግሩ ቆርቆሮው ላይ ያለው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው። ሁለቱ ሽማግሎች ቆርቆሯቸውን እንደ ታቦት ተሸክመው ኩሽናዬ ገቡ። «ዶቶሬሳ፣ ፔር ፋቮሬ!» ለኦታቪዮ የተማረች ሴት ሁሉ ዶቶሬሳ ናት።

«ምንድን ነው ግን ምትክ ማለት?» አሉ አባባ።

«በእናቲቱ ቦታ የገባች ማለት ነው።»

«በይ የእንጀራ እናት በያታ!»

በዚያው ስሟ ሆነ።

ተረጎምኩላቸው። በአፈሙዝ ለሚጎርሱ ጠመንጃዎች ብቻ። እርሳሱ ባሩዱ ላይ ጠበቅ ብሎ ይቀመጥ፣ መሐል አየር እንዳይቀር። ካፕሱላው ኃይለኛ ይሁን፣ ዘግይቶ ሊያዝ ይችላልና። ከከሸፈ አፈሙዙን ከዒላማው ሳያነሱ ይቆዩ። ከተኮሱ በኋላ በሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ እንደ ጥቁሩ ያዝጋልና። ከዚያ የመጠኑ ሰንጠረዥ መጣ። ቁጥሩ ሁሉ እንግሊዞች «ግሬን» በሚሉት ሚዛን ነው፤ በየቁጥሩ ጎን ደግሞ «በይዘት፣ በይዘት» ይላል። አሜሪካኖች ቃል ማብዛት ይወዳሉ። ሁሉንም ወደ ግራም ለውጬ በንጹሕ ወረቀት ጻፍኩላቸው። መሥሪያ ቤት ቀኑን ሙሉ የአገሮችን እህል ከኩንታል ወደ ቶን ስለውጥ የምውል ሰው፣ ይሄ ምኔ ነው!

ኦታቪዮ እጄን ሳመኝ። ዓርብ ማታ በሱቁ ሚዛን እየመዘነ በትንንሽ የመስታወት ቱቦ፣ ለአንድ ተኩስ አንድ ቱቦ፣ ይሞላዋል። አባባም ሁልጊዜ በየቱቦው ላይ በጣታቸው ቆንጠር አድርገው ምራቂ ይጨምራሉ። ምራቂ የሌለው ስፍር እርግማን ነው ይላሉ። በጫካ የሚወቅጡት ባሩድ ከሰሉ የከፋ፣ ዝናብ የነካው ስለነበር ያለ ምራቂ አይሄድላቸውም ነበር፤ ልማዱ አልለቀቃቸውም።

ዛሬ ደህና ነኝ። መሥሪያ ቤት አንዴ ብቻ ነው ለማልቀስ መታጠቢያ ቤት የገባሁት።

መጋቢት 23፣ ቅዳሜ

አባባ ሲገቡ ፊታቸው በርቷል። «ትራገጣለች ልጄ! የእንጀራ እናት ትራገጣለች!» ሸሚዛቸውን ገለጥ ቢያደርጉ ትከሻቸው በልዟል። በሞቀ የጨው ውሃ አሸሁላቸው። «ጥቁሩ እንዲህ አይመታም ነበር። አሜሪካን ጨከን ያለ ነው።» ሁለት ተኩስ ከሽፎ፣ ኦታቪዮ አትነቃነቁ እያለ አስቁሟቸው ቆይተዋል።

ይሳቁ እንጂ። ትከሻ ይድናል።

ሚያዝያ 1፣ እሑድ

አብረኸት ጋ ገብቼ አለቀስኩ። ከደረጃው ማዶ ያለችው ጎረቤቴ ናት፤ የአሥመራ ልጅ፣ ካቶሊክ፣ ጣልያን ቤት ተመላላሽ የምትሠራ። አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል፤ መምህሮቿ ጎጃሜዎች ነበሩ። የእሷም ሁለት ወንድሞች ጫካ ናቸው፣ የእኔን ወንድም የገደለውን መንግሥት ሲወጉ። ስለዚያ አናወራም።

«እስከ መቼ ነው በእኔ ኩሽና የምታለቅሽው? ሽንኩርቴን ጨረስሽው እኮ» አለችኝ። ለምን ዓይኔ እንደቀላ ሰው ቢጠይቅ ሽንኩርት እየከተፍን ነበር ለማለት ሁልጊዜ ሽንኩርት ትከትፋለች። ወይ አብረኸት።

ሚያዝያ 7፣ ቅዳሜ

ዛሬ ከተኩሱ በኋላ የጠመንጃው መዶሻ ወደ ኋላ ተመልሶ ተነስቶ ተገኘ። የካፕሱላውም ስብርባሪ የአባባን ጉንጭ ጭሯቸዋል። ኦታቪዮ በርሜሉን በጣቱ ዳበስ ዳበስ እያደረገ «አሮጊት ናት፣ በአያቴም ዘመን ትቆጣ ነበር» አለ አሉ። አባባ ግን «ቁጡ ጠመንጃ እወዳለሁ» ይላሉ። መነጽር ያድርጉ ብዬ ተቆጣኋቸው።

«አንቺስ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የከሳሽው?»

«ጾም ነው።»

«እኔም እጾማለሁ፣ እኔ አልከሳሁም።»

ሳህን አጥባለሁ ብዬ ተነሳሁ። ሳህኑ ታጥቦ ነበር።

ሚያዝያ 15፣ ሆሳዕና

ቅዳሴ መቅረት አይቻልም። በተዋስናት ጸሎት ቤት እንደ ዘበኛ አጠገባቸው ተገትሬ ቆምኩ። ጋሽ ገብረእግዚአብሔር ሰዉን ሁሉ አስጠንቅቀዋል። አፉን ሁሉም ያዘ፤ እጁን ግን ማን ይይዘዋል? ሰው ሁሉ አባባን ትከሻቸውን ሲስም ቆየባቸው።

«ምነው ዛሬ ሰው ሁሉ ወደደኝ?» አሉኝ ስንወጣ።

በሕማማት ፍትሐት የለምና፣ በሳምንቱ ለሚሞት ሁሉ ዛሬ አስቀድሞ ይፈታል። ካህኑ ሲጀምር ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። አባባ በክርናቸው ነካ አድርገው «ለማን ነው?» አሉ። «ለራሴ» አልኩ። ተቆጡኝ፤ እንዲህ አይባልም አሉ።

ሚያዝያ 22፣ ፋሲካ

ዶሮ ሠራሁ። በሉ። ጠጡ። ፉከራ ቢጤ ሞከራቸው፣ አብረኸት እልል አለችላቸው። «ፈረሰኛው የዓለም ነበር፣ ከእናቱ እጅ ነጥቆ ነበር የሚበላው» ብለው እየሳቁ ፈረሰኛውን እኔ ሳህን ላይ አኖሩት።

በላሁት።

ሚያዝያ 26፣ ሐሙስ

ተቆረጠ። እሑድ ጎህ ሲቀድ። ጋሽ ገብረእግዚአብሔር ሁሉን አሰናድተዋል። «ቅዳሜን እንደ ልማዳቸው ይዋሉ፣ እንዳይጠረጥሩ። አንቺ ልጄ፣ ከእንግዲህ ሦስት ቀን ነው።»

ቅዳሜ ደግሞ በኦታቪዮ ማኅበር ውድድር አለ። አባባ ጺማቸውን አስተካክለው፣ ግራጫ ኮታቸውን በካውያ አስተኩሰውኛል። ደስ አለኝ። አንድ ቅዳሜ ይጨምሩ፣ ምን አለበት? ከዚያ በኋላ መቼ ይስቃሉ?

ሚያዝያ 28፣ ቅዳሜ

በጣም መሽቷል። ግን ካልጻፍኩት አልተኛም።

ጠዋት አባባ ከኦታቪዮ ጋር ሄዱ። እኔና አብረኸት ለነገው ለቀስተኛ ወጥ ልንሠራ እሷ ኩሽና ገባን። ምስር አንድ ኪሎ፣ በርበሬ ግማሽ ኪሎ። በቡና ጣሳ ምስሩን ሰፍሬ ሚዛን ላይ አፈሰስኩት። ጣሳው አንዴ ሲሞላ ስንት እንደሚመዝን ካወቅኩ በኋላ፣ በርበሬውን መመዘን ሰነፍኩና በዚያው ጣሳ ልሰፍር ስል አብረኸት «አንቺ! በርበሬ እንደ ምስር ይከብዳል እንዴ? እንዲህ ነው የዓለምን እህል የምትቆጥሩት?» ብላ ሳቀችብኝ።

ጣሳው እጄ ላይ ቀረ።

በይዘት። በይዘት፣ በይዘት፣ በይዘት! በየቁጥሩ ጎን። በስፍር እንጂ በሚዛን አይደለም ማለቱ ነበር። ምትክ ባሩዱ ከጥቁሩ ይቀላል። ስለዚህ የሚሰፈረው በጥቁሩ ባሩድ ስፍር ነው፤ ስፍሩን ሲሞላ ክብደቱ ያነሰ ነው። እኔ ግን ያንን ስፍር ወደ ክብደት ለወጥኩት። ቀላል ነገር በከባድ ሚዛን ልክ ሲሞላ እኮ ይትረፈረፋል! ከሚገባው በላይ ነው ለወር ሲያጎርሱላት የከረሙት። ትከሻው። መዶሻው። ጉንጫቸው። ሁሉን በእጄ ጽፌዋለሁ፣ እዚሁ ደብተር ላይ፣ አንዱም አልታየኝም። ምራቂውም አለ በላዩ! በዚያች የመቶ ዓመት አሮጊት በርሜል!

አብረኸት ምን ሆንሽ ስትል እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ። ከታች ካለው ባር ወደ ፖሊጎኖ ደወልኩ፤ ማንም አያነሳም። ታክሲ ያዝኩ። ከከተማ መውጫው ላይ ኬላ።

«የት ነው?»

«ፖሊጎኖ። ቶሎ በሉኝ፣ አባቴ ጠመንጃ ይዟል!»

በዚህ ሰሞን፣ በዚህ ከተማ፣ እንዲህ ይባላል? እጅሽን ወደ ላይ አሉኝ። ከታክሲው ጎን ለጥፈው ፈተሹኝ። አንዱ ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነው፤ መሣሪያው ሆዴ ላይ። እየጮኽኩ በጣልያንኛ አስረዳለሁ፤ ባሩድ፣ ስፍር፣ ምስር፣ በርበሬ! በመጨረሻ አለቃቸው፣ አንድ ሸበቶ ማሬሻሎ፣ መጣ። «አቫንካሪካ ነው የምትዪው? እነዚያ በአፍ የሚጎርሱት?» አለ። አዎ ስለው ሳቀ፤ «ልቀቋት፣ አጎቴም አንድ አለው» አለ። እሱ ሳቁን ሳይጨርስ እኔ ታክሲው ውስጥ ነበርኩ።

ስደርስ አባባ መስመር ላይ ቆመዋል። ጠመንጃዋ ትከሻቸው ላይ፣ ጆሯቸው በጥጥ ተደፍኗል። ካፕሱላው ፈንድቷል፣ ባሩዱ አልተያዘም፤ ከሽፏል። ኦታቪዮ ከኋላቸው ቆሞ እጁን ዘርግቶ ሰው እንዳይጠጋ ይከላከላል። እኔን ሲያይ «ፌርማ ዶቶሬሳ!» ብሎ ክንዴን ያዘኝ።

«አባባ! ባሩዱ በዝቷል! እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ይተዉት!»

በግራ እጃቸው አንደኛውን ጥጥ አወጡ። አፈሙዙን ከዒላማው አላነሱም፤ ዓይናቸውንም። «ምራቂ ነው ልጄ፣ አትጩኺ፣ ሰው ያየናል።» ከሽፎ የሚጠብቁትን ጊዜ ጨርሰዋል። ኪሳቸው ገብተው አዲስ ካፕሱላ በሁለት ጣታቸው አወጡ።

«አባባ፣ በእናቴ ይዤዎታለሁ፣ ይተዉት!»

«ይቺን ብቻ። ከሽፋ እንዴት ትቀራለች? ለእርሳሱም ነውር ነው።»

ካፕሱላዋን ሊደፉላት ጎንበስ ሲሉ፣ ፊታቸው ከዚያ ብረት በላይ ሲሆን፣ አፌን ማን ከፈተው?

«ዓለምን ሳልቀብር እርስዎን ልቅበር ነው?»

ካፕሱላዋ ከእጃቸው ወደቀች። ሳንቃው ላይ ስትንከባለል ሰማኋት። አባባ አልዞሩም። አፈሙዙ ዒላማው ላይ እንዳለ ነው፤ ንቅንቅ አላለም። ኦታቪዮ አማርኛ ባይሰማም የሆነ ነገር እንደሆነ ገባው፤ ቀስ ብሎ ከኋላቸው አቅፎ ጠመንጃዋን ከእጃቸው ተቀበላቸው።

የመጠኑን ስህተት በጣልያንኛ ነገርኩት፤ እርሳሱን በብሎን ስቦ አወጣው፣ ባሩዱን በጥቁሩ ባሩድ የነሐስ መስፈሪያ ላይ ገለበጠው። ሞላ፤ ፈሰሰ፤ ጠረጴዛው ላይ ተከመረ። ኦታቪዮ መስቀል ሠራ። «ማዶና ሚያ፣ ዶቶሬሳ። ይሄ ቢያዝ ኖሮ...» ሌሎቹን ቱቦዎች አንድ በአንድ ለቅሞ ኪሱ ከተተ።

አባባ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «መቼ?» አሉኝ።

«በየካቲት።»

ኦታቪዮ በትክክለኛው ስፍር አንዴ ይተኩሱ ብሎ ቢለምናቸው «እጄ አይታመንም፣ እጁ የማይታመን አይተኩስም፤ ባስታ» አሉ።

ትራም ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ብዙ ሰው አለ። ወደ መስኮቱ ዞረው እንዲህ አሉ፤ «ልጄ ሞቶ ዶሮ አበላሽኝ።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ፈለግኩ፤ ትራም ውስጥ ሆነብኝ። ይቅር ይበሉኝ አልኩ፣ ሰሙኝ አልሰሙኝ አላውቅም።

ደረጃው ላይ አረፍ እያሉ ወጡ። በር ላይ ቆሙና «ሽማግሌ ልትልኪብኝ ነበር?» አሉኝ።

«ነገ። ጎህ ሲቀድ። ጋሽ ገብረእግዚአብሔር ናቸው ያሰናዱት። አባባ፣ ዛሬውኑ ልጥራቸው? ከፈለጉ አሁን...»

«ማን ነገራቸው ቢሉሽስ?»

በውድድር ሜዳ፣ በጩኸት፣ በጣልያን ፊት ለአባቷ መርዶ የነገረች ልጅ! ዕድሜዬን ሙሉ ነው የሚነሳብኝ። ይነሳብኝ። ይገባኛል።

አባባ ኮታቸውን አውልቀው በደንብ አጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። «እኔ ምንም አልሰማሁም» አሉ። ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

ድምፅ የለም። ጆሮዬን በሩ ላይ አድርጌ ቆይቻለሁ።

ሚያዝያ 29፣ እሑድ

ሲነጋጋ አንኳኩ። ጋሽ ገብረእግዚአብሔር ከፊት፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ፣ አብረኸትም አለች። አባባ ዓይናቸውን እያሹ፣ ጋቢ እንደደረቡ ከክፍላቸው ወጡ። «ምነው? በደህና ነው? ምን እግር ጣላችሁ በዚህ ሰዓት?»

ጋሽ ገብረእግዚአብሔር እንደ ደንቡ ከሩቅ ጀመሩ። ሰው ሟች መሆኑን፣ አባባ ስንቱን ጓድ እንደቀበሩ፣ የአርበኛ ልብ ምን ያህል እንደሚችል። አባባ አላቋረጧቸውም። ቁና ቁና እየተነፈሱ፣ ዓይናቸውን ከሽማግሌው ፊት ሳይነቅሉ፣ እስከ መጨረሻው ቃል አስጨረሷቸው። የዓለም ስም ሲጠራ ተነስተው ደረታቸውን መቱ፣ ጮኹ። ጩኸታቸው የማስመሰል አልነበረም። ሌሊቱን ሙሉ ጥርሳቸውን ነክሰው ያቆዩት ነበር።

ሴቶቹ ተቀበሉ። ቤቱ በለቅሶ ተናጋ። ጋሽ ገብረእግዚአብሔር ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ጎሽ ልጄ፣ በወግ አደረስሻቸው» አሉኝ። መሬት ብትውጠኝ ምን ነበረበት።

እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜያለሁ፤ ዓይኔ ደረቅ ነው። ሁለት ወር ተደብቆ ማልቀስ የለመደ ሰው በሰው ፊት አይመጣለትም ለካ። አባባ ከሰዉ መሐል አዩኝ። የያዟቸውን እጆች አስለቅቀው ወደ እኔ መጡ፣ ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ዙፋኔ» አሉኝ፣ ቀስ ብለው፣ ገና እንዳልሰማ ሰው፤ «ወንድምሽ ዓለም ሞተ፣ ልጄ።»

ያኔ ጮኽኩ።